ጨረቃ የወጣባቸው ገበቴዎች

ለዋርሳዬ ለከተማ፣ ጅማ፤

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ከደጅህ ይድረስ። እኛ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ አንተ ግን ከልጅነትህ ተምረህ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍክልንም።

ወንድምህ ጎሳዬ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ በቆልማማው መሮ ለቤተ ክርስቲያን የመባ ገበቴ ይፈለፍላል። ፍቅፋቂው በጠዋት ፀሐይ እንደ አበባ ቅጠል ሲንሳፈፍ፣ እኔም ሥራዬን ረስቼ አያለሁ። ድሮ፣ አባታችሁ እንዳስተማሯችሁ፣ የገበቴውን ሆድ በጣቱ መታ መታ አድርጎ ድምፁ ሲቀጥን ያቆም ነበር። አሁንም ይመታል፣ ያዳምጣል፤ ግን አያቆምም። ይኸው ሦስተኛውም ተበሳ።

"ጎሳዬ፣ አበላሸኸው እኮ!" አልኩት።

ገበቴውን ወደ ፀሐይ አነሳው። በቀዳዳው የገባው ብርሃን ፊቱ ላይ ሲያርፍ ሳቀ። "እማዬ፣ እዪ፣ ጨረቃ ወጣች! ከተማን ጥሪልኝ፣ እሱም ይይ።"

እናታችሁ ከሞቱ ሃያ ዓመት አለፋቸው፤ እማዬ ያለው እኔን ነው። ሊያበሽቀኝ ነው ብዬ ገበቴውን ተቀበልኩት።

ሦስቱንም ገበቴዎች መስኮት ላይ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ሲነጋ ወለላችን ላይ ሦስት ጨረቃ ይወጣል።

ሥራ በዛብኝ አትበል። በዚህ ሳምንት ደውልለት፤ ስምህ ገና ከአፉ አልጠፋም፤ የእኔን ከጠራ ግን ሰነበተ።

ልጆችህን በየተራ ሳምልኝ።

የወንድምህ ሚስት ቆንጂት