አርባዋን የቆጠርኩበት ቀን

ይድረስ ለእታለም አበቡ፣ ጅማ።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የጅማ ዝናብ አሁንም ይጠዘጥዝሻል? አቶ ተክለ ጊዮርጊስስ ያ ሳል ለቀቃቸው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ በአካሌ ደህና ነኝ። ሌላውን ከዚህ በታች አንብቢው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንተ እያለህ የእማዬ ተዝካር አይጓደልም ብዬ ልቤን አሳረፍኩ ብለሻል። ሁለት ሳምንት በኪሴ ይዤው ዞርኩ። እታለም፣ አንቺን ዋሽቼ የት እገባለሁ? በተዝካሯ ቀን አልነበርኩም።

እማዬ ስታርፍ እኔ ሁመራ ነበርኩ። ክረምቱ መንገዱን ቆርጦት ለድንበሩ ጦር ስንቅ አሻግር ነበር። ወሬው አዘዞ ጦር ሰፈር ቢደርስም ባልደረቦቼ ለመንገደኛ መርዶ አይነገርም ብለው ዝም አሉ። ተመልሼ ባደርኩ ማግስት፣ መስከረም 28 ቀን ገና ሳይነጋጋ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጄን ሞሉት። ሳያቸው ገባኝ። ኀዘን የተቀመጥኩት እዚሁ አዘዞ ነው፤ ያልደረሰ ጭነት ነበረብኝና አገራችን ዛሪማ አልሄድኩም። ለአርባዋ እደርሳለሁ ብዬ በዚያው ቀን ቆጠራ ጀመርኩ።

ጅልነቴን እይልኝ። አርባ የሚቆጠረው እሷ ካረፈችበት እንጂ እኔ ከሰማሁበት ቀን አይደለም። መቼ አረፈች ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም፤ እነሱም ያውቃል ብለው አልነገሩኝም። በአርበኝነቱ ዘመን በቅሎ እየጫንኩ ጀምሬ ሌተና ኮሎኔል እስክሆን፣ ስንቅ የምልክለት ወታደር በእኔ ስህተት አንድ ቀን ጦሙን አድሮ አያውቅም። ለናቴ ሲሆን ጠፋኝ።

ኅዳር 6 ቀን ማኪና ተከራይቼ፣ ጤፉን፣ ማሩን፣ ቅቤውንና በጎቹን አስጭኜ ሊማሊሞን ወረድኩ። ምን ልደብቅሽ፣ ኩራትም ነበረብኝ። ደጃችን ስደርስ ዳሱ ፈርሷል፤ እንጨቱ አጥሩ ሥር ተከምሯል። ጎረቤታችን አያ አድማሴ ወጡና ጭነቱንም እኔንም አይተው፣ «ምነው ልጄ፣ ተዝካሩማ ያለፈው ቅዳሜ ነበረ» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጎረቤቱ ያለውን አዋጥቶ ሸጋ ተዝካር ሆነ አሉ። ልጇ መንገድ ላይ ነው እየተባለ ካህናቱ ፍትሐቱን እስከ ቀትር አቆይተውታል፤ የማኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሰው እየወጣ ያይ ነበር። እማዬም ታማ ሳለች ልጅሽን ክንዱን እናስጠራው ቢሏት፣ «ተዉት፣ እሱ ስንት ሰው ያበላል» ብላ ከልክላቸዋለች።

የጫንኩትን ለቤተ ክርስቲያኑና ለነዳያን ሰጥተን መቃብሯን ልሳለም ሄድኩ። አዲስ መቃብር ሦስት ነበረ። የእናቴ የትኛው እንደሆነ ሰው ጠየቅሁ።

ቤቴ እንደምታውቂው ነው። አመተ ሥላሴ፣ አንተ ያገባኸው መጋዘንህን ነው ብላ አዲስ አበባ ወላጆቿ ዘንድ ከገባች ሦስት ዓመቷ። ያኔ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን እውነቷን ነው እላለሁ። እሑድ እሑድ ጎንደር ፒያሳ ስወጣ ሰላምታ የሚሰጠኝ ሞልቷል፤ ኮሎኔል ይሉኛል። ክንዱ ብሎ የሚጠራኝ ግን ከእማዬ ወዲያ አንቺ ብቻ ቀረሽ። ብቸኝነት ከበደኝ፣ እታለም።

አቶ ተክለ ጊዮርጊስን እጅ ነሥቷል በይልኝ። አማትሽን እሜቴ እንኳየሁን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ሸዋአየሁን ትምህርቷን እንድትበረታ ንገሪያት፤ ትንሿን ጥሩን አገላብጠሽ ሳሚያት።

ለሙት ዓመቷ ነይልኝ። ብቻዬን ዛሪማ ለመግባት አፍሬያለሁ፤ ጎንደር ድረስ መጥተሽ ይዘሽኝ ሂጂ። ያረፈችው መስከረም 20 ነው። በእኔ ቆጠራ አትመኚ፤ ቀኑን አንቺ ቁጠሪልኝ።

ወንድምሽ ክንዱ
አዘዞ፣ ጎንደር
ኅዳር 23 ቀን 1951 ዓ.ም.