ሐኪም ልጄን «ልጅህ አይደለችም» ላሉኝ የቪዛ ክፍል ኃላፊ

ለክብሩ ስል ስሙን ለማልጠቅሰው ኤምባሲ፣
ለተከበሩ የቪዛ ክፍል ኃላፊ፣

ውሸታም ብለውኛል። እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም (ልጆችዎ መሆናቸው በሰነድ ተረጋግጦ ከሆነ) በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ።

ስሜ ገብረሰንበት ኣፅብሃ ይባላል። ቦሌ ሚካኤል ጎሚስታ ቤት ከፍቼ የሰው ጎማ ስለጥፍ ኖሬ፣ አሁን አያት ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ የጎረቤቶቼን ስህተት አርማለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብና መጻፍ ራሴን ያስተማርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው። ስለዚህ የማነበው ቀስ ብዬ ነው። የእርስዎን ደብዳቤ ግን ደጋግሜ አነበብኩት፤ በዚህ ዓይነት ትሕትና የተጻፈ ስድብ ከዚህ በፊት ደርሶኝ አያውቅም።

ጉዳዩን ለማያውቁ ባልደረቦችዎ ላስረዳ። ሳምራዊት ሃይለኣብ የሕፃናት ሐኪም ናት። ወንድሜ ሃይለኣብና ሚስቱ ሲሞቱ እሷ ገና መሄድ አልጀመረችም ነበር፤ እኔ ዘንድ አደገች፣ አፏን ስትፈታም «አባ» አለችኝ። በእኛ ዘንድ ሰው የሟች ወንድሙን ልጅ «የወንድሜ ልጅ» እያለ አያሳድግም፤ ቢል ነውር ነው። ይህች ልጅ በእናንተ አገር በሐኪምነት ለመሥራት ከሚያስፈልጓት ፈተናዎች የመጀመሪያውን እዚሁ አዲስ አበባ ተፈትና አለፈች። ሁለተኛው፣ የተግባሩ፣ የሚሰጠው እናንተው ዘንድ ስለሆነ የአጭር ጊዜ ቪዛ ጠየቀች። እኔም «ልጄ ናት፤ ፈተናዋን ጨርሳ ወደ እኔ ወደ አባቷ ትመለሳለች» ብዬ በእጄ ጽፌ ፈረምኩ። እናንተ የልደት ምስክር ወረቀቷን ስታገላብጡ አባቷ ሃይለኣብ ሆኖ አገኛችሁት፤ ሐሰተኛ ማስረጃ ቀርቧል ብላችሁም ከለከላችኋት። ስለ ትጋታችሁ እያመሰገንኩ ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ በቃለ መጠይቁ ላይ የተቀመጠችው ወጣት «ፈተናውን ካለፍሽ ወደፊት እኛ አገር ትሠሪያለሽ?» ብትላት ሳምራዊት እውነቱን «አዎ» አለች። «ታዲያ ትመለሻለሽ?» ብትላት አሁንም እውነቱን «አዎ፣ ፈተናው እንዳለቀ» አለች። ትምህርቴ ትንሽ ነውና ነገሩ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ፦ አንድ ሐኪም እናንተ አገር ለመቅረት የሚያበቃትን ፈተና ለመፈተን፣ አስቀድማ እናንተ አገር እንደማትቀር ማሳመን አለባት። የአገራችሁ ሆስፒታሎች ደግሞ «ሐኪም አጥተናል፣ ኑልን» የሚል መልእክት በኢሜይል ይልኩላታል። ከእናንተ ቢሮ ጋር የሚተዋወቁ ከሆነ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

፪ኛ፦ በደብዳቤዎ ግርጌ «ሌሎች አማራጮችን እንድትመለከቱ እንመክራለን» ስላሉን እናመሰግናለን፤ ተመልክተናል። ከበላያችን የሚኖረው ዶክተር ሙስአብ የሚያዋጣው ጀርመን ነው ብሎ ቋንቋውን ይማራል፤ ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ የሚያናግረኝ በጀርመንኛ ስለሆነ እየመረቀኝ ይሁን እየሰደበኝ አላውቅም። ሐኪም ወደ ዐረብ አገር እልካለሁ የሚል ደላላ ሰሚት ሰፈር አንድ ካፌ ቀጥሮን ሳምንት ሳይሞላ ትበራለች አለ፤ የትኛው ሆስፒታል ነው ብንለው እዚያ ስትደርስ ይነግሯታል አለን። ሌላው አማራጭ በአረጋውያን ተንከባካቢነት ቪዛ ሄዳ የሐኪምነት ፈቃዷን እዚያው ሆና እንድትጠብቅ ነው፤ ሽማግሌ ማጠብ ከሆነ እኔ እዚህ አለሁላት። እህቴ ፈለቀች ያመጣችው አማራጭ ደግሞ ከውጭ ለእረፍት የመጣ ሙሽራ ነው። ይኼኛው መንገድ ፈተና የለበትም ተባልን፤ ሰውየውን ካየሁት በኋላ ግን ፈተናው ይሻላታል ብያለሁ።

፫ኛ፦ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ከፈለግን ሳምራዊት ልጄ አለመሆኗን፣ እኔ አጎቷ ብቻ መሆኔን፣ አባቷ ነኝ ያልኩትም ሐሰት መሆኑን ውልና ማስረጃ ቀርቤ እንድፈርም ጠይቃችኋል። «ብቻ» የምትለዋን ቃል የጨመረውን ሰው ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር። አልፈርምም አልኩ። እኔ ያልኩትን የማነሳ ሰው አይደለሁም፤ የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ የውሃ ታንከሩን ሳያማክረኝ ስላዛወረ እስከ ዛሬ ስብሰባቸውን አልረገጥኩም።

ሳምራዊት አልለመነችኝም። የሚለምነኝን ሰው እንዴት እንደምመልሰው አውቃለሁ፤ ለማይለምነኝ ግን ብልሃት የለኝም። «አባ፣ ተወው፤ እዚሁ እሠራለሁ» አለችና የፈተና መጻሕፍቷን ከጠረጴዛው አንስታ አልጋ ሥር ከተተቻቸው። ከሥራ ስትመለስ ስላከመቻቸው ሕፃናት እያጫወተች ታስቀኝ የነበረችው ልጅ፣ አሁን ጫማዋን አውልቃ ወደ ክፍሏ ትገባለች። የተያዘላት የፈተና ቀን ቀርቧል፤ ካለፋት ሌላ መቼ እንደምታገኝ የሚነግራት የለም። ምድር ቤት ሱቅ ያላት ሐሚዳ፣ ሽማግሌ ነው ብላ የማትመለስ ሴት፣ ስኳር እየመዘነችልኝ «ጋሽ ገብረሰንበት፣ ወላሂ ልጅቱን ያሳደጓት እንዲህ አንቀው ሊይዟት ነው? ፈርመው ይልቀቋት እንጂ! አባትነት በማኅተም የሚነሳ መስሎዎት ነው?» አለችኝ። ስኳሩን ሳልይዝ ወጣሁ።

ስለዚህ ፈርሜያለሁ። ሰነዱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። እውነቱን ብጽፍላችሁ ውሸታም አላችሁኝ፤ አሁን ሐሰቱን በማኅተም አስደግፌ ልኬያለሁና እንደምታምኑኝ አልጠራጠርም። እሷ አላየችውም፤ እንድታየውም አልፈልግም።

የአገራችሁ ሕፃናት ሲያማቸው ደግ እጅ እንዳያጡ ከልቤ እየተመኘሁ፣ በስተርጅና አጎትነትን ስላስተማሩኝም ምስጋናዬ ወሰን እንደሌለው እየገለጽኩ፣

እጅግ አክባሪዎ፣
ገብረሰንበት ኣፅብሃ
በሰነዱ መሠረት አጎት

ማስታወሻ፦ የቀረበላችሁን ሰነድ በስልክ ደውላችሁ የማጣራት ልማድ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እኔ ዘንድ እንዳትደውሉ። ያስፈረማችሁት እጄን ነው፤ አፌን አይደለም። «ሳምራዊት ምንህ ናት?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ የምመልሰውን ታውቁታላችሁ፤ ያን ጊዜ ጉዳዩን የምታበላሹባት እናንተ ናችሁ። ካልደወላችሁ ግን ስለዚህ ነገር ለእናንተም፣ ለእሷም፣ ለማንም ሰው ዳግመኛ አንዲት ቃል አልናገርም።