ወንድ ልጅ ሳይኖርሽ ምን አገባሽ?

ሜልበርን፣ የሴቶች ወህኒ ቤት
ኤፕሪል 1971

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ብርዱ ጉልበትሽን መቆርጠም ጀመረ? የባልሽ የኪት ሳልስ ተሻለው? ላሞቹን አሁንም ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ የምታልቡት? እኔ ደህና ነኝ፤ ሾርባ ብለው የሚያቀርቡልን ውሃ ነው እንጂ እንቅልፍስ አላጣሁም።

ባልሽ ለልጆቼ ደውሎ፣ “እናታችሁ የልጄን የዳረልን ስም በየአደባባዩ እንዳታነሳ” ማለቱን ነግረውኛል። እትዬ፣ አንድም ቀን አላነሳሁትም። እንዴት እንደታሰርኩ ከእኔ ስሚው። ወጣቶቹ ለቬትናም ውትድርና የሚመዘገቡበት ቢሮ ከጓደኞቼ ጋር ገብተን “አትመዝገቡ” የሚል ወረቀት እናድል ነበር። አንዱ ሰውዬ፣ “ሂጂ ድስትሽን ጠብቂ፣ አንቺ ኮሚኒስት አሮጊት!” ብሎ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ወረወረው። ፖሊሶች ውጡ ሲሉን ወለሉ ላይ ቁጭ አልን።

ፍርድ ቤት ዳኛው፣ “ወንድ ልጅ አለሽ?” አለኝ። “የለኝም፤ ሴቶች ናቸው” አልኩት። “ታዲያ ምን አገባሽ?” ሲለኝ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ሁለተኛ አልደግመውም ብለሽ ፈርሚ ሲለኝ ግን እምቢ አልኩት።

አብራኝ የታሰረችው ሞሪን፣ “ወረቀት በማደል? ኧረ አታዋርጂን! እኔ እንኳ ባሌን በመጥበሻ ፈንክቼ ነው የገባሁት” ብላ አሳቀችኝ። ስስቅ ስስቅ ለቅሶዬ መጣ።

ለዳኛው ያልነገርኩትን ለአንቺ ልንገርሽ። የሚዘምቱትን በልደት ቀናቸው ዕጣ ሲያወጡ፣ የዳረል ቀን የወጣ ሰሞን ቤቴ መጥቶ ነበር። የበግ ጥብስ አቀረብኩለት፤ በሹካው ሲያገላብጠው ቆየና፣ “አክስቴ፣ ቬትናሞቹ እኔን ምን አደረጉኝ?” አለኝ። “የሚደብቁህ ሰዎች አውቃለሁ፣ እዚሁ ቅር” ብዬ ለመንኩት። “እኔ ብደበቅ አባቴ የቀድሞ ዘማቾች ክበብ ውስጥ ቢራውን ብቻውን ሊጠጣ ነው? እናቴስ ቤተ ክርስቲያን በየት በኩል ትገባለች?” አለኝ። ጉንጬን ስሞኝ ሄደ። አስከሬኑ ከቬትናም የመጣ ዕለት እኔን ከመቃብሩ ማዶ አቆማችሁኝ፤ አልተቀየምኩም።

ይህን የጻፍኩት ልወቅስሽ አይደለም፣ እትዬ። ልጅሽ ፈሪም ጀግናም አልነበረም። ይወዳችሁ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ጓደኞቻችን ከበሩ ውጭ መፈክር ይዘው ቆመውልን ነበር። ጠባቂዋ እንደነገረችኝ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰች አንዲት ሴት ምንም ሳትይዝ መሃላቸው ቆማ ዋለች። ሊመሽ ሲል ለእኔ እንድትሰጥ ለጠባቂዋ አንድ ጠርሙስ ሰጠቻት። “ማን ልበላት?” ብትላት፣ “ማንም” ብላት ሄደች።

የፕለም ማርማላታ ነው፤ ዝንጅብል የገባበት። እንደዚያ የሚሠራው ከእናታችን የተማረ ሰው ብቻ ነው። ከሞሪን ጋር በጣታችን እየጠረግን ጨረስነው።

እግዜር ጉልበትሽን ያበርታው፣ ሌሊትሽንም ያቅልልልሽ። ያቺን ሴት ካወቅሻት ደግሞ እንዲህ በይልኝ፦ ከዚያ ሁሉ አገር በባቡር መጥቶ ከበር መመለስ አንጀት ይበላል። ለቅዳሜ ስሟን ትናገር፤ ያስገቧታል።

ታናሽ እህትሽ