የአባታችን ሕመም ወደ ዘይባ መጣ

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ አሚኑ፣ አዲስ አበባ።

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ሱቁስ፣ ቤተሰቡስ፣ ጉልበትህስ? እንደ ልማድህ «ደህና ነኝ» ብለህ በአንድ ቃል እንዳትገላገለኝ፤ ዘንድሮ ጉልበትህን የምጠይቀው ለወግ አይደለም። እኛ አልሐምዱ ሊላህ አለን። ጣሊያን ያለ ይለፍ ወረቀት አላሳልፍ ስላለ እንጂ ራሴ በመጣሁ ነበር።

ጋሼ፣ አባታችንንና አንተን ያንገበገበው የአጥንት ሕመም ልጄን ዘይባን ያዛት። እኔን አልፎ እሷን! «ዘር ከልጓም ይስባል» ሲሉ የመልክና የጠባይ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ክረምቱ እንደገባ እግሬን አለች። የወደቀች መስሎን ወጌሻውን ሳኒን ጠራን፤ እሱም ስብራት ነው ብሎ በቀርከሃ ጠፍሮ አሰራት። አስታራ የሚባለውን፣ አጥንት ይጠግናል የሚሉትን እንሰት ከጓሮ ነቅለን ሥሩን ቀቅለን በወተት አበላናት። ሕመሙ ግን ወደ ክንዷ ዞረ። ስብራት ይዞራል እንዴ? ያን ጊዜ ምን እንደሆነ ገባኝ። ማሰሪያው ሲፈታ እግሯ አብጦ ነበር። በጣሊያኖቹ ሰፈር ያለው ሐኪምም ክኒን ሰጥቶ መለሰን፤ ክኒኑ ያስተኛታል እንጂ አያሽራትም።

ሲነሣባት አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ የምላት ግን ይጠፋኛል። አይዞሽ ማለት ለማያመው ሰው ቀላል ነው። አንተን ሲያምህ አባታችን በሩን ዘግቶ በለሆሳስ ሲያናግርህ ከውጭ እሰማ ነበር፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም። ምን ነበር የሚልህ? እባክህ ጻፍልኝ።

አሁን ማልቀሱን ትታዋለች። እናቷ ከድጄ እንዳትሰማ የጋቢውን ጫፍ ትነክሳለች፤ ከጩኸቷ ይልቅ ይህ ገደለኝ። ጓደኞቿ ሲመጡ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ጎረቤት ሲጠይቅ ከድጄ ብርድ ነው ትላለች፤ የዘር በሽታ አለባት ከተባለ ነገ የሚያገባት ታጣለች ብላ ፈርታ ነው። እኔም አጠገቧ ቆሜ አዎ ብርድ ነው እላለሁ። ምን ላድርግ?

ከድጄ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሃለች። አክስታችን አሚኔ ዱዓ ታደርግልሃለች። ትንሿ ልጃችን ሰፍያ መራመድ ጀምራለች፤ በተራመደች ቁጥር እግሯን አያለሁ። ዘይባ ግን በሰላምታ ፈንታ ጥያቄ ነው የላከችብህ፤ አጎቴን ሲያድግ ሕመሙ ተወው ወይ ትላለች። ለእኔ እውነቱን ጻፍልኝ። ካልተወህ ግን፣ ለእሷ የማነብላት ሌላ ወረቀት ጨምርበት።

ታናሽ ወንድምህ ከማሉ
ቡታጅራ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1930 ዓ.ም.