በሰማያዊው መጋረጃ የሚገባው ባሕር

ለሃዳ መና ኮ፣ ለቤቴ እመቤት ለአስቴር፤

ከሄድሽ ክረምቱ መጥቶ ወጣ፤ አሁን ደግሞ ደመናው በጉቴ በኩል መሰብሰብ ጀምሯል። ዓመት ሊሞላሽ ነው። ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። መሠረተ ትምህርት ግባ ስትዪኝ፣ ሽማግሌ ከልጅ ጋር አይቀመጥም ብዬ የኮራሁብሽ ሰውዬ፣ ይኸው ሦስት ወረቀት አበላሽቼ አራተኛውን ይዣለሁ። ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂ።

ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያውን አስጠግኛለሁ። ስለ ባሕርሽ ግን ልናዘዝልሽ ነው የተቀመጥሁት።

ታስታውሻለሽ፣ ቡና ጭኜ አሰብ ስወርድ ምን ላምጣልሽ ብልሽ፣ ያደግሽበት ነውና፣ ባሕሩን አልሽኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ በጀሪካን የባሕር ውሃ፣ በባልዲ ኮራል የሚሉትን ጣት ጣት የሚያህል ቅርንጫፍ ያለው ሕያው ድንጋይና አንዲት ቢጫ ዓሣ ይዤልሽ ገባሁ። በመስታወት ሣጥን አድርገሽ መስኮቱ ሥር አኖርሽው። ውሃው ሲጎድል የዝናብ ውሃ ትጨምሪበታለሽ፤ እኔ ጨው ልጨምር ስል፣ ጨው አይተንም ብለሽ እጄን ትመቺኛለሽ። ሰማያዊውን መጋረጃ ስትሰፊ ሳቅሁብሽ። ጠዋት ፀሐይ በእሱ አልፋ ስትገባ ግን ክፍሉ ሁሉ ውሃ ውስጥ የሰመጠ ይመስላል፤ ድንጋይሽ ጣቶቹን ይዘረጋል፤ አንቺም ወንበርሽ ላይ ሆነሽ በሐሳብ አሰብ ትደርሻለሽ። ክረምት ሲሆን ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ማዕበል ነው ትይኝ ነበር። እኔ ዝናብ ነው እልሻለሁ።

ለቅሶው ሲበተን መጋረጃውን አውርጄ መስኮቱን ዘጋሁት። ባዶ ወንበርሽ ላይ ፀሐይ ስታርፍ ማየት አቃተኝ። ሐዘን ነው፣ ማንም እንዳይከፍተው አልሁ። ጎረቤት ቢለምነኝም እምቢ አልሁ።

ጥቂት ቆይቶ ድንጋይሽ ጣቶቹን ሰበሰበ፤ ቀለሙም ገረጣ። ብርሃን አነሰው ብዬ ፋኖስ አበራሁለት። ላምባው በቀበሌ ኩፖን ነው፤ ጥላሸቱም ውሃው ላይ ይረግፋል። ባኬ ጃማ ሰፈር ወዳለው ጉራጌ ባለሱቅ ሄድሁ፤ ያ ክር የምትገዢበት። “አካም ጅርቱ አባባ” ብሎ ተቀበለኝና ረጅሙን ነጭ መብራት፣ ፍሎረሰንት የሚሉትን አወጣልኝ። አይግልም፣ ቆጣሪም አያስሮጥም አለኝ። ስንት ዓመት መኪና ለነዳ ሰው ስለ መብራት አትነግረውም ብዬ ርካሹን የመቶ ሻማ አምፖል አነሳሁ። “ዓሣ ሊጠብሱ ነዋ!” ብሎ ሳቀብኝ። በሦስተኛው ቀን ውሃው እንደ እግር መታጠቢያ ሞቆ፣ ቢጫዋን ዓሣሽን ተንሳፋ አገኘኋት። ጓሮ፣ ጽጌረዳሽ ሥር ቀበርኋት። ይቅር በይኝ።

አንገቴን ደፍቼ ተመለስሁ። ባለሱቁ ይህን ጊዜ አልሳቀም። “ለመሆኑ ባለቤትዎ በምን ነበር የሚያበሩለት?” ብሎ ጠየቀኝ። አንቺኮ ለባሕርሽ አንድም ቀን አምፖል ገዝተሽ አታውቂም። ነጩን መብራት ለንባብ ነው ብዬ ገዛሁት፤ ውሸቴን መሆኑን እሱም እኔም እያወቅን። መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ሄድሁ። ላንቺ ሐዘን ብዬ የዘጋሁት መስኮት ያንቺኑ ባሕር ሲያፍነው ከርሟል።

እንደገባሁ መስኮቱን ገፋሁት፤ ማጠፊያው ዝጎ ነበርና ጮኸ። መጋረጃሽን ከልብስ ሣጥን አውጥቼ ሰቀልሁት። ሰማያዊው ብርሃን ወንበርሽ ላይ ሲያርፍ አለቀስሁ። ይህን ለማንም አትንገሪ።

ነጩ መብራት ለደመና ቀን ነው። ፀሐይ ባለች ቀን ከባሕርሽ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ በኔ ወንበር ላይ እንጂ ባንቺ ላይ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ድንጋይሽ አንድ ጣት አወጣ። አንድ ብቻ፣ ቀጭን፣ ወዲያና ወዲህ የሚል።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው፤ በሕይወት እስካለሁ መስኮትሽን በየማለዳው የምከፍተው እኔ ነኝ። ዓይኔ ቢደክም በእጄ ዳስሼ እከፍተዋለሁ። ክረምቱ ገብቶ ቆርቆሮው ሲንጫጫም፣ አስቱዬ፣ ማዕበል ነው እላለሁ።

ያንቺው እልኸኛ፣
ገመቹ