ፀሐይ ላይ ስለወጣው የሕፃናት ጠረጴዛ

ለክቡር ሚስተር ኦጉቱ፣ የሕፃናት ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ፤

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነማኅተምዎና ከነጃንጥላዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ሃያ ሁለቱ የአምስት ዓመት ተማሪዎቼ፣ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ ጀርባ፣ በላብ ከመጠመቃችን በቀር ደህና ነን።

አንደኛ፣ ሕፃናቱ ከቴክኖሎጂ ጋር እንዲተዋወቁ ስለላኩልን ዐሥራ ሁለት ታብሌቶች እናመሰግናለን። በብረት ሳጥን ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ስለሄዱ እስካሁን አንዱም አልተሰበረም። ልጆቹም ከቁልፉ ቀዳዳ ጋር በሚገባ ተዋውቀዋል።

ሁለተኛ፣ እስከዚያው ብለን ከሞተ ሬዲዮ ሽቦ፣ ከአሮጌ የእጅ ባትሪ አምፑልና ድንጋይ አውጥተን፣ በለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ማብሪያ ማጥፊያ ሠርተን ክፍል ውስጥ ባለች ጠረጴዛ ላይ ገጣጠምነው። ለጉብኝት የመጡ ዕለት ምን እንደምንሠራ ትንሿን አሞንዲን ሲጠይቋት፣ «ጁዋ ካሊ ነን አባባ፤ የተበላሸ ነገር አለዎት?» አለችዎት። አባቷ እንደ ሰፈራችን ባለ እጆች ሁሉ ሜዳ ላይ የከሰል ምድጃ ይቀጠቅጣል፤ እነዚህን ሰዎች «ጁዋ ካሊ»፣ ማለትም ኃይለኛ ፀሐይ፣ እንደምንላቸው እርስዎም ያውቃሉ። ልጅቷ መኩራቷ ነበር። እርስዎ ግን መዝገብዎ ላይ አሰፈሩት፤ በሳምንቱም ጁዋ ካሊ የገበያ ኮሚቴ ፈቃድ የሚያስፈልገው የሜዳ ሥራ ስለሆነ ጠረጴዛው ከክፍል እንዲወጣ፣ እስከ ዓርብ ፈቃድ ካልቀረበም እንዲወረስ የሚያዝ ደብዳቤ ደረሰን። የአምስት ዓመት ልጅን ቃል እንዲህ ከቁም ነገር የቆጠረ ባለሥልጣን አይቼ አላውቅም።

ኮሚቴው ጋም ሄጃለሁ። ሊቀ መንበሩ፣ «ቲቸር፣ መታወቂያ አላቸው? ከሌላቸው ዐሥራ ሦስት ዓመት ጠብቀው ይምጡ» ብሎኛል።

ሦስተኛ፣ እንደታዘዝነው ወጣን። ትንሽ አምፑል በቀትር ፀሐይ ብትበራም ባትበራም አትለይም። ልጆቹ ሽቦውን ያገናኛሉ፣ ይፈታሉ፣ ያያሉ፤ ምንም የለም። ሁለቱ ተሰላችተው ዓሣ ለማየት ሄዱ። አሞንዲ ግን ደብዳቤዎን ከእጄ ወስዳ እንደ ቱቦ ጠቀለለችና አምፑሏ ላይ አቆመችው። በአንድ ዓይኗ አጮልቃ፣ «በርታለች እኮ፤ ፀሐይዋ ናት የደበቀቻት» አለች። ሁሉም ተሰለፉ። ከጽሕፈት ቤትዎ ከወጡት ወረቀቶች ሕፃናት ወረፋ ይዘው ያዩት ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ጠረጴዛው ከዓርብ በፊት ወደ ክፍል እንዲመለስልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ስለላኩልን የመማሪያ መሣሪያ ባለውለታዎ፣ ፀሐይዋ የፈቀደችልኝን ያህል ዓይኔን ገልጬ እጅ የምነሣዎት፤

ሮዝሊን አዱንዶ
የሕፃናት መምህርት

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ የዓርቡ ውሳኔ ጠረጴዛው ይወረስ የሚል ከሆነ እባክዎ በወፍራም ወረቀት ይጻፉት። ያሁኑ ደብዳቤዎ ለቱቦ ስስ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል።