ያልተቀዳው የቤታችን ፕላን

ውድ ቀጮ፣

ስልክ አላነሳ ስላልከኝ ነው የምጽፍልህ። ሰላምታውን ልዝለለው፤ ተረጋግቼ መቀመጥ እንኳ አልቻልኩም። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ ተነስቼ ሳሎን ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ። ብቻ የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ትተኸው የሄድከው ኮምፒውተር ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይል ጀመር። ለጠጋኙ ደውዬ ድምፁን በስልክ አሰማሁት። «እህቴ፣ ሃርድ ዲስኩ አልቆለታል። ዛሬ ነገ ሳትይ ያለውን ሁሉ ገልብጪ» አለኝ። ከትናንት ወዲያ ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ስወጣ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ገዝቼ መጣሁና ሰካሁት። ፎቶዎቻችን፣ የኔ የትምህርት ወረቀቶች፣ አንተ የሳልካቸው የሰው ቤቶች፣ ሁሉም ተገለበጠ። መጨረሻ ላይ «ያልተቀዳ ፋይል፦ አንድ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ለምን ብል፣ ፋይሉ ክፍት ስለሆነ ነው ይላል።

የትኛው እንደሆነ ሳልነግርህ ታውቃለህ። የኛው ቤት ፕላን ነው፣ ከአባዬ ጋር የተጣላችሁበት።

ያን ቀን መሃላችሁ ቆሜ ነበር። አንተ አግብተህ እዚሁ ከኛ ጋር ልትኖር፣ የጓዳውን ግድግዳ አፍርሰህ ለራሳችሁ አንድ በር ልታወጣ አስበሃል። አባዬ ስክሪኑን አየና «ሠላሳ ዓመት ግንበኛ ሆኜ በእጄ የሠራሁትን ግድግዳ፣ አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ታፈርሰዋለህ? የኔ በር አልበቃ አለህ?» ብሎ ጮኸ። አንተም «ይሄ እስር ቤት እንጂ ቤት አይደለም» ብለህ ወጣህ። እኔ አንዳችሁንም ተዉ አላልኩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይኸው ዓመት ከስምንት ወር ሆነን። አባዬ «ማንም እንዳይነካው!» ብሎ ስክሪኑ ላይ ፎጣ ጣል አደረገበት። ፕላኑንም አላዘጋ አለ። እኔ ቂም መስሎኝ ነበር፣ ጥፋትህን ለማስረጃ ያስቀመጠብህ።

ከትናንት ወዲያ ፎጣውን ገልጬ ስገለብጥ ፋይሉ መጨረሻ የተነካበትን ጊዜ አየሁ። የዚያኑ ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ይላል። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ቤት ውስጥ ደግሞ ከአባዬ ሌላ ማን አለ?

ቀጮ፣ ፕላኑ ላይ ግድግዳው የለም! በሩ ወጥቷል! አንተ ሰማንያ ሴንቲ ያደረግከውን ዘጠና አድርጎት፣ ጎኑ ላይ «በሰማንያ ሶፋ አይገባም» ብሎ ጽፎበታል። ፈቀቅ ብሎ ደግሞ «እዚህ ጋ ምሰሶ አለ፣ እንዳትነካው፣ ቤቱ ይወርድብሃል» ይላል። መስመሮቹ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ። አምና «ይቺ ነገር መስመር የምታሰምረው እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሥራ መፍታት መስሎኝ ስቄበት ነበር። አሁን እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅህ።

በዚህ መሃል አባዬ ከውጭ ገባ።

«ማን ንኪ አለሽ?»

«አባዬ፣ ማሽኑ ሊሞት ነው። ለአንድ ደቂቃ ልዝጋውና ልገልብጠው።»

«ዘግተሽው አልከፈት ቢልስ?»

«ባልዘጋውም መጥፋቱ አይቀርም እኮ!»

«አላለቀም አልኩሽ! ደረጃው ይቀራል። በዚያ በኩል ውጭው ዝቅ ያለ ነው። የደረጃውን ነገር እሱ ነው የሚያውቀው።»

«ታዲያ ለምን አትደውልለትም?»

ፎጣውን መልሶ አለበሰውና ወጣ።

ትናንት ቀኑን ሙሉ ስለማመጠው ዋልኩ። ዛሬ ረፋድ ላይ ቋ ቋው ቆመ፣ ስክሪኑም ጨለመ። ጠጋኙ መጥቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ቢቆጣም ይቆጣ ብዬ መዝጋት ነበረብኝ። በስልኬ ፎቶ ማንሳት እንኳ ትዝ አላለኝም፣ የኔ ነገር!

ለአባዬ እንዴት ብዬ እንደምነግረው ጨንቆኝ ስዞር ቆይቼ ነገርኩት። አልተቆጣም። ይሄ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ። ተነስቶ ጓዳ ገባና ዕቃውን አንድ በአንድ አወጣ። ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ። ከምሰሶው ራቅ ብሎ በጠመኔ ሁለት መስመር አሰመረ። እሱ ዞር ሲል ሜትር አምጥቼ ለካሁት፤ ዘጠና ነው። ከዚያ መዶሻውን አነሳ።

ይሄን ስጽፍልህ እየመታ ነው። ቤቱ በአቧራ ታፍኗል፣ ጎረቤት ሁለት ጊዜ መጥቶ «ምን ሆናችሁ?» ብሏል። ቀዳዳው አሁን ጭንቅላት ያስገባል። ተው እረፍ ብለው ማን ይስማኝ። ቅድም ውሃ ስወስድለት፣ ፊቱን ሳያዞር «እስቲ ያንን ልጅ ጠይቂልኝ» አለኝ፣ «ደረጃው ስንት እርከን ነበር?»

እኔ አላውቅም አልኩት። ና እና አንተው ንገረው።

አቧራ ለብሳ የምትጠብቅህ
እህትህ